አንድ ሄልሜት ለሦስት ሰው ይሆናል? (ከተማ፣ ተራራ እና ኮርሳ)

የአቶቴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ወደ ሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ሲሆን መንገዱ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። አሥራ አንድ ዓመት ስነዳ ራሴ ላይ ከነጠላ በቀር ያደረግሁት ነገር አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ከፊቴ ትሄድ የነበረች ባጃጅ ተሳፋሪ አየችና ድንገት ወደ ቀኝ ታጥፋ ቆመች። ፍሬን ያዝኩ፤ የፊት ጎማዬ አሸዋ ላይ ሸሸ። በጎኔ ወደቅኩና ከጆሮዬ በላይ ያለው የራሴ ክፍል የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታ። ደም አልነበረም፤ እብጠቱ ግን ሎሚ ያህል ነበር። የባጃጁ ነጂ ገና ልጅ ነው፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ደንግጦ እየተንቀጠቀጠ የተበተነውን ቲማቲሜን ይለቅም ነበር። ሁለት ቀን ብርሃን ማየት አስጠልቶኝ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ። ሐኪሙ መርምሮኝ ሲያበቃ "ሄልሜት የለሽም?" ብሎ ሲጠይቀኝ እንደ ተማሪ አቀረቀርኩ።

አሁን ታላቅ ወንድሜ ከቨርጂኒያ ለፋሲካ ይመጣል። "ሄልሜት አመጣልሻለሁ፤ ዓይነቱንና ቁጥሩን ንገሪኝ" አለ። ዓይነት እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሦስት ፎቶ ላከልኝ። አንዱ እንደ ዓሣ ስንጥብ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ አንዱ ግማሽ ሐብሐብ ይመስላል፤ ሦስተኛው እንደ ሞተር ነጂዎች ሄልሜት አገጭ አለው።

ቤታችን ውስጥ የምንነዳው ሦስት ነን። እኔ ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ የአራት ዓመት ልጄን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በማውንቴን ብስክሌቱ ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ በድንጋይ መሀል ይወርዳል፤ ሲያምረው በጥርጊያ መንገድ ወደ ወንዶ ገነት ይሄዳል። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) አግኝቶ ጎህ ሲቀድ ወደ ይርጋለም እየነዳ ይለማመዳል፤ ክለብ መግባት ይፈልጋል። የወንድሜን ሻንጣ ላለማጣበብ አንድ ሄልሜት አስመጥተን በየተራ ብናደርግስ? ባለቤቴ ደግሞ "እኔ የድሮ የሞተር ሄልሜት አለኝ፤ ለእኔ አታስቡ" ይላል። ታናሽ ወንድሜ በበኩሉ ሰልባጅ ተራ በ900 ብር ያየውን ካልገዛሁ ብሎ ይዞኛል። የምታውቁ ምከሩኝ።

አሮጌ ካቴና

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። እብጠቱ ቢጠፋም ራስ ምታቱ ወይም ማቅለሽለሹ ከተመለሰብሽ ችላ አትበይ፤ ሄደሽ ታዪ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪ ነበርኩ፤ ያኔ ቁልቁለት የምንወርደው የጨርቅ ኮፊያ ደፍተን ነበር። ዛሬ ሳስበው ላብ ያሰምጠኛል።

ከሰልባጁ ልጀምር፤ እሱ ሌላውንም ያስረዳልሻል። አምና አንድ ጎረምሳ ካላማዳሪያ ሊያስለጥፍ መጣ። ራሱ ላይ የሚያምር ቀይ ሄልሜት ደፍቷል። "ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ በርካሽ ነው ያገኘሁት" አለኝ። ተቀበልኩትና ገልብጬ የውስጡን ስፖንጅ አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከግራ ጆሮ በላይ፣ ልክ ስፖንጁ ተለጥፎበት በነበረው ቦታ፣ ነጩ ፎም ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ነበር። ሄልሜቱን ከግራና ከቀኝ ይዤ ቀስ ብዬ ስጫነው መስመሩ አፉን ከፈተ። ከላይ ያለው ቀይ ፕላስቲክ ግን አንድ ጭረት የለበትም! የመጀመሪያው ባለቤት አንድ ቀን ወድቆበታል፤ ሄልሜቱ የዚያን ቀን ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በቦንዳ ታስሮ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ መጣ። ልጁ እስከ ዛሬ ሲያየኝ "ያ ሄልሜት" ይለኛል።

ያ ነጭ ፎም ቴሌቪዥን ስትገዢ በካርቶኑ ጥግና ጥግ ከሚመጣው ጋር አንድ ዘር ነው፤ የሄልሜቱ ጠጠር ያለ ነው እንጂ። ራስሽ መሬት ሲመታ ፎሙ ይጨፈለቃል። በመጨፍለቁ ራስሽ ድንገት ቀጥ ከማለት ይልቅ በሁለት በሦስት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፍጥነቱን እየቀነሰ ይቆማል። ገንዘብሽን የምትከፍዪው ለዚያች ለሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ደግሞ ተመልሶ አይነፋም። ስለዚህ ታሪኩን የማታውቂውን ሄልሜት ራስሽ ላይ አታድርጊ። የ900 ብሩን ለሌላ ነገር አውሉት።

እንዴት እንደሚፈተን ብነግርሽ ይገርምሻል። ኢኤን 1078 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ መሠረት ሄልሜቱን ሰው ሠራሽ ራስ ላይ አጥልቀው በሴኮንድ 5.42 ሜትር ፍጥነት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይጥሉታል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ እንደ መውደቅ ማለት ነው። ወደ ውስጥ ያለፈው ምት ከመሬት ስበት 250 እጥፍ ከበለጠ ሄልሜቱ ፈተናውን አላለፈም ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ በሴኮንድ 4.57 ሜትር ሌላ ብረት ላይ ይጥሉታል። ይህ ሁለተኛው ብረት በምን መልክ የተሠራ ይመስልሻል? በእግረኛ መንገድ ጠርዝ መልክ! አንቺን የመታሽን ነገር አስበው ነው የሠሩት። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚመስለው ሰው ከብስክሌት ወርዶ መሬት ሲመታ ነው፤ ከጭነት መኪና ጋር ለመጋጨት ቃል የገባ ሄልሜት የለም። ራሴ ላይ አለ ብለሽ ከባጃጅ ጋር አትጋፊ።

የባለቤትሽ የሞተር ሄልሜት ለሞተር ጥሩ ነው። ብስክሌት ላይ ግን ሰው በጉልበቱ ነው የሚሄደው። ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ነፋስ የማያስገባ፣ ጆሮ የሚደፍን ነገር አድርጎ ታቦርን ሲወጣ ግማሽ መንገድ ላይ አውልቆ መሪው ላይ ያንጠለጥለዋል። አውቀዋለሁ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። መሪ ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ደግሞ የሚያድነው መሪውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። በየተራ ማድረግ አይሆንም። ምክንያቱ የአነዳዳችሁ መለያየት አይደለም፤ የራሳችሁ ልክ ነው። ሰው ስለ ዓይነት ብዙ ይጨነቃል፤ እኔ ግን ልኩ የሆነ ተራ ሄልሜት ያደረገ ከወደቀበት ተነሥቶ ሲሄድ፣ ውድ ሄልሜቱ ወደ ማጅራቱ ተንሸራቶ ግንባሩ የተተረተረም አይቻለሁ። መጀመሪያ ልክ፣ ቀጥሎ ውስጡ የተለጠፈው የፈተና ምልክት፣ ዓይነት ከሁለቱ በኋላ ይመጣል።

ዓይነቱንም ልንገርሽ። ባለቀዳዳው የኮርሳ ነው። ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ ከ200 እስከ 300 ግራም ይመዝናሉ። ቀዳዳው የበዛው አቀበት ላይ ራስ ስለሚግል ነው። ኮርሳ የሚነዳ ሰው አጎንብሶ ነውና የሚያየው፣ ሄልሜቱ ከግንባር ወጣ ያለ ጥላ የለውም፤ ጥላ ቢኖረው መንገዱን ይጋርደዋል። ታናሽ ወንድምሽ ፎቶ ላይ ያያቸውን ቀዳዳ አልባ፣ ለነፋስ የተሳሉ ሄልሜቶች ፈልጎ እንደሚያስቸግርሽ እገምታለሁ። እነሱ የሚጠቅሙት በብዙ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ለሚነዳ ነው፤ ለይርጋለም አቀበት ባለቀዳዳው ይሻለዋል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እግሩ እንጂ ሄልሜቱ አላደረሰውም፤ ይህን ከእኔ ንገሪው። ግን ያለ ሄልሜት ደግሞ መነሻው መስመር ላይ አያቆሙትም። እ.ኤ.አ. በ1991 ፓሪስ–ኒስ የሚባለው የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪዎች "ሄልሜት አናደርግም" ብለው አድመው ነበር። በዚያው ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2003፣ አንድሬ ኪቪሌቭ የሚባል የካዛክስታን ልጅ ሄልሜት ሳያደርግ ወደቀና በማግስቱ ሞተ። በጥቂት ወራት ውስጥ የዓለሙ የብስክሌት ማኅበር ሄልሜትን አስገዳጅ አደረገው። የጨርቅ ኮፊያውም ያኔ ተሰቀለ።

የማውንቴኑ ከኋላ ዝቅ ብሎ ማጅራትን ይሸፍናል፤ ተራራ ላይ ሰው ወደ ኋላም ወደ ጎንም ስለሚወድቅ ነው። ከፊቱ ጥላ አለው፤ ለፀሐይም ለቅርንጫፍም ይሆናል። ባለ አገጩ ቁልቁለት እየዘለሉ ለሚወርዱ የተሠራ ነው፤ ባለቤትሽ መውጣቱንም በፔዳል ስለሆነ ያፍነዋል። ለእሱ ማጅራት የሚሸፍነው፣ አገጭ የሌለው ይበቃዋል።

ግማሽ ሐብሐብ ያልሽው የከተማና የስኬትቦርድ ቅርጽ ነው። ጠንካራ ነው፤ ሲጣልና ሲነሣ ቶሎ አይጎዳም፤ ቀዳዳው ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለስኬትቦርድ ብቻ የተፈተኑ ስላሉ ውስጡ የብስክሌት ፈተና ምልክት መኖሩን ወንድምሽ አይቶ ይግዛ። ላንቺ ግን የግድ የከተማ የሚባለው አያስፈልግሽም። ተራው የኮርሳ ዓይነት፣ ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ፣ ላንቺም ለታናሽ ወንድምሽም ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ሁለት፣ በየራሳችሁ ልክ።

ልክ የሚወሰደው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከቅንድብ በላይ አንድ ጣት ከፍ አድርገሽ፣ ከኋላ ራስ በጣም ወጣ ባለበት ቦታ በኩል ዙሪው። ሜትር ከሌለ በሲባጎ ለክተሽ ሲባጎውን በማስመሪያ ለኪ። ልካችሁን ጻፊልኝና እንቀጥል። ደንበኛ መጣብኝ።

የፖቶማኩ

ሰላም የአቶቴዋ፣ እንኳን ተረፍሽ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ወደ ሥራ በወንዙ ዳር በብስክሌት መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከጋሼ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ወንድምሽ ከዚህ ስለሚገዛ የዚህን አገር ነገር ልጨምርልሽ።

እዚህ እ.ኤ.አ. ከማርች 1999 በኋላ የተሠራ ማንኛውም የብስክሌት ሄልሜት ሲፒኤስሲ የሚባለውን የመንግሥት ደረጃ ማለፍ አለበት። ውስጡ ተለጥፎ ይገኛል። ጠፍጣፋው ብረት ላይ የሚጥሉት ከሁለት ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 40 ዶላሩም ባለ 250 ዶላሩም ይህንኑ ፈተና አልፈዋል። ልዩነቱ የሚሄደው ለቅለቱ፣ ለነፋሱ፣ ለማጥበቂያው ምቾትና ለስሙ ነው። እኔ መጀመሪያ ውዱን ገዝቼ፣ ባቡር ውስጥ ረስቼው ወረድኩ። አሁን የማደርገው ርካሹን ነው፤ ጭንቅላቴ ልዩነቱን አልነገረኝም።

ወንድምሽ ቨርጂኒያ ካለ ደግሞ የጎረቤቱን ሥራ ይጠቀም። ቨርጂኒያ ቴክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የብስክሌት ሄልሜቶችን በራሱ ቤተ ሙከራ እየፈተነ በኮከብ ያወጣል፤ ውጤቱን ማንም በነጻ ማየት ይችላል። እነሱ ቀጥ አድርገው ብቻ አይጥሉም፤ ሰያፍ ነገር ላይ ነው የሚጥሉት። ሰው ከብስክሌት ሲወድቅ እየሄደ ስለሆነ ራሱ መሬቱን በሰያፍ ይመታና ይሽከረከራል፤ አንጎልን የሚጎዳው አንዱ ነገር ያ መሽከርከር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከ100 ዶላር በታች ሆነው አምስት ኮከብ ያገኙ አሉ።

ለዚሁ መሽከርከር ሲሉ ሐንስ ፎን ሆልስት የሚባሉ የስዊድን የአንጎል ቀዶ ሐኪምና ስቶክሆልም ያለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፒተር ሃልዲን ሚፕስ የሚባለውን ነገር አወጡ። ከውስጥ የተቀመጠ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሄልሜቱ መሬት ሲመታ ሽፋኑ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይንሸራተትና መሽከርከሩን ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ ሽፋኑን በጣት ገፋ ሲያደርጉት ሸርተት ይላል። ብዙ ጊዜ ዋጋው ላይ ጥቂት ዶላር ነው የሚጨምረው፤ እኔ ብሆን እጨምራለሁ።

ወንድምሽ ከታወቀ የብስክሌት መደብር ይግዛ። ስመ ጥር ሄልሜት የሚመስሉ አስመሳዮች በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ሻንጣ ውስጥ ሲከት ውስጡን ካልሲና ሸሚዝ ይሙላበት፤ ከላዩ ከባድ ነገር አይጫን። እኔ ለአክስቴ ልጅ ስወስድ ራሴ ላይ አድርጌ ነው አውሮፕላን የገባሁት፤ አስተናጋጇ "እስከዚህ ድረስ ፈርተኸናል?" አለችኝ።

ባለ ሹሩባ

ወንዶቹ ያልነገሩሽን ልንገርሽ እህቴ። ራስሽን የምትለኪው ጸጉርሽ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው?

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ መንዳት የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ "መንገድ ለሰው" ሲጀመርና መንገዱ ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቀቅ ነው። የመጀመሪያ ሄልሜቴን የገዛሁት ጸጉሬን ተተኩሼ ሳለሁ ነበር። በሳምንቱ ሹሩባ ተሠራሁ፤ ሄልሜቱ አናቴ ላይ እንደ እንስራ ማቶት ቁጭ አለ። ወደ ታች ስስበው ሹሩባው ቆነጠጠኝ፤ ወደ ላይ ስተወው ግንባሬ ተራቆተ። አሁን ሠሪዬን "ጉንጉኑን ወደ ማጅራት አውርጂው፣ አናቴ ላይ አትከምሪው" እላታለሁ። ብዙ ጊዜ በምትሠሪው የጸጉር አሠራር ላይ ሆነሽ ተለኪ። የኋላ ማጥበቂያው ከፍና ዝቅ የሚል ቢሆን ደግሞ ጉንጉንሽ በሥሩ ያልፋል። ነጠላሽን ከሄልሜቱ ሥር አታድርጊው፤ ይንሸራተታል። ስስ የጥጥ ሻሽ ግን ምንም አይልም፤ ላብም ይመጥልሻል። ነጠላውን አንገትሽ ላይ አጣፊው፤ ጫፉ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቂ እንጂ።

ዝም ብዬ ነጂ

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ሐዋሳ ውስጥ ያለ ሄልሜት ነድቶ ምንም አልሆነም። ሆላንድ ውስጥ ሕዝቡ በሙሉ ብስክሌት ይነዳል፤ ሄልሜት የሚያደርግ የለም። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ንግድ ነው።

የዩትሬክቱ

ያልከው ግማሹ እውነት ነው ወንድሜ፤ የምኖረው እዚያው ስለሆነ ልመስክር። እዚህ አያቶች ሳይቀሩ ያለ ሄልሜት ይነዳሉ፤ እኔም ዳቦ ልገዛ ስወጣ አላደርግም። ግን የምነዳበት መንገድ ቀይ አስፋልት ነው፤ በጠርዝ ከመኪና ተለይቷል፤ መገናኛው ላይም የራሴ መብራት አለኝ። ባጃጅ ከፊቴ አይቆምም። ደግሞ እነዚሁ ሰዎች እሑድ ዕለት ኮርሳቸውን ሲያወጡ አንድ ሳይቀር ሄልሜት ያደርጋሉ። በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር ለሚሄደው የኤሌክትሪክ ብስክሌት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሕጉ ያስገድዳል፤ ለእሱ የወጣው ደረጃ ኤንቲኤ 8776 ይባላል፤ ከተራው ጠንከር ባለ ፍጥነት ይፈተናል፤ ሽፋኑም ሰፋ ይላል። ሆላንድን የምትጠቅስ ከሆነ መንገዷንም አምጣልን።

የአቶቴዋ

እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዝም ብዬ ነጂ፣ ለአባትህ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የእኔ ግን እብጠት ነው የወጣው።

ትናንት ማታ ቤተሰቡን በሙሉ አሰልፌ ለካሁ። እኔ በሹሩባ 56 ሴንቲ ሜትር፣ ባለቤቴ 60፣ ታናሽ ወንድሜ 58 ተኩል፣ ልጄ 50። ባለቤቴ "ባለ ትልቅ አእምሮ ነኝ" ብሎ እስካሁን እየተጎረረ ነው። የሞተር ሄልሜቱን ለዘበኛችን ልጅ ሰጠ፤ እሱ ሞተር አለው።

ጋሼ አሮጌ ካቴና፣ የልጄን ነገር አልነገሩኝም። ወንበሩ ላይ ትተኛለች። ከእኔ ይልቅ የምፈራው ለእሷ ነው።

አሮጌ ካቴና

የልጅቷን ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት፤ ብቻውን የሚነገር ነገር ነው።

መጀመሪያ ያንቺን ልጨርስ። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከ55 እስከ 59 ያለውን መካከለኛ ይሉታል፤ ከ59 በላይ ትልቅ ነው። አንቺ መካከለኛ፣ ባለቤትሽ ትልቅ። ታናሽ ወንድምሽ 58 ተኩል ላይ ስለሆነ ድንበር ላይ ነው። ፋብሪካው የጻፈውን ልክ ታላቅ ወንድምሽ ሣጥኑ ላይ ያንብብ፤ አንዱ ከሌላው ይለያል።

አሁን ልጅቷ። የትልቅ ሰው ሄልሜት አጥብቀሽ አታድርጊላት። የአሜሪካኑ ደረጃ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት ሄልሜቱ ከኋላና ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲሸፍን ያዝዛል፤ ወንድምሽ ሣጥኑ ላይ ዕድሜው የተጻፈውን ያምጣ። ከኋላው ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጥ። ኋላው እንደ ዶሮ ጭራ የተቀሰረ ከሆነ የወንበሩ መደገፊያ እየገፋ አገጯን ከደረቷ ጋር ያገናኘዋል፤ ስትተኛ ደግሞ ይብስባታል። አንዲት እናት እዚህ ሱቄ ድረስ "ልጄ ሄልሜት ይጠላል" ብላ መጥታ ነበር። ልጁን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ከጎን አየሁት፤ አንገቱ እንደ ሽማግሌ ተቆልምሟል። ጠፍጣፋውን ስናደርግለት ልጁ ዝም አለ። የጠላው ሄልሜቱን አልነበረም።

የአገጩ መቆለፊያ የልጅን ቆዳ ይቆነጥጣል፤ አንዴ ከቆነጠጣት ሁለተኛ አታስደርግሽም። ስትቆልፊ ሌባ ጣትሽን ከመቆለፊያው ሥር አስገቢ፤ የሚቆነጠጠው ያንቺ ጣት ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያዢ፦ ከብስክሌቱ ስትወርድ ሄልሜቷን አውልቂላት። ሄልሜት አድርገው ዥዋዥዌና መሰላል ላይ የወጡ ልጆች ሄልሜቱ ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ በማሰሪያው ታንቀው የሞቱበት ጊዜ አለ። አውሮፓውያን ለዚህ ሲሉ ኢኤን 1080 የሚባል የሕፃናት ደረጃ አላቸው፤ መቆለፊያው አረንጓዴ ሲሆን ክብደት ሲበዛበት ራሱ ይለቃል። እሱ ለጨዋታ እንጂ ለመኪና መንገድ አይደለም።

ሲመጣላችሁ እንዲህ አድርጉት። ሄልሜቱን ቀጥ አድርገሽ ድፊው፤ ከፊት ጠርዙ እስከ ቅንድብሽ ሁለት ጣት ይበቃል። እንደ ባርኔጣ ወደ ኋላ ገፍቶ ማድረግ የእኛ አገር በሽታ ነው፤ ግንባርን ያጋልጣል። የኋላውን ማጥበቂያ አዙሪ። የግራና የቀኝ ማሰሪያዎች ከጆሮ በታች ተገናኝተው ጆሮሽን መሀል ያድርጉት። የአገጩ ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ፤ አፍሽን ስታዛጊ ሄልሜቱ ወደ ታች ሲስብሽ ከተሰማሽ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ማሰሪያውን ፈትተሽ አጎንብሺና ራስሽን ነቅንቂ። በማጥበቂያው ብቻ ከቆመ የራስሽ ነው፤ ከወደቀ የሌላ ሰው ነው።

ስለ ሚፕስ የፖቶማኩ ያለው ደህና ነው፤ ገንዘብ ከተረፈ ይጨመር። ከላላ ሄልሜት ጋር ግን ምንም አያደርግልሽም።

አንድ ነገር ደግሞ። ካቴና በምናጥብበት ቤንዚን ሄልሜት የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። ቤንዚን ያን ፎም እንደ ስኳር ያቀልጠዋል። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ብቻ! መኪና መስተዋት ሥር ፀሐይ ላይም አትተይው፤ ቀለምም አትቀቢው።

የአቶቴዋ

ከፋሲካ በኋላ ተመልሻለሁ። ወንድሜ አራት ሄልሜት በሁለት ሻንጣ ይዞ መጣ፤ ቅር ያለው የለም። የእኔ ብርቱካንማ ነው፤ ባለ ሹሩባ እንዳለችው ጉንጉኑን ወደ ማጅራት አስወርጄ ልክ ሆነልኝ። መሥሪያ ቤት ስደርስ ጥበቃው "የመንገድ ሥራ ጀመርሽ?" አለኝ። ልጄ ጠፍጣፋውን አድርጋ ትተኛለች፤ አወልቅልሽ ስላት ታለቅሳለች። ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ታቦር ላይ ወድቆ የመጣው ክርኑ ተልጦ፣ የግንባሩ ጥላ ደግሞ ተሰብሮ ነው። ፎሙን በእርስዎ ዘዴ ስፖንጁን ነቅዬ አየሁት፤ መስመር የለም።

ያላማረው የታናሽ ወንድሜ ነው። 58 ተኩል ብሎ የተለካው ለካ ጎፈሬውን ይዞ ነበር። ወንድሜ በድንበሩ ትልቁን መረጠለት። ሄልሜቱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ልጁ "ለፍጥነት" ብሎ ጸጉሩን ተላጨ። አጎንብሶ ሲነቀንቅ ሄልሜቱ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ይህም እንደ መውደቅ ይቆጠራል?

አሮጌ ካቴና

ባዶውን ከወገብ ከፍታ ስለወደቀ አትጨነቂ፤ ውስጡ ራስ የለበትምና ፎሙን የሚጨፈልቀው ክብደት አልነበረም። ስፖንጁን ነቅለሽ እንደተለመደው እዪው።

ሣጥኑ ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ትርፍ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ ፈልጊ። ካለ በእሱ ቀይሪና የኋላውን ማጥበቂያ እስከ መጨረሻ አዙረሽ እንደገና ያጎንብስ። አሁንም ከወደቀ ለባለቤትሽ መለዋወጫ ይሁን፤ ታቦር እንደሆነ ሁለተኛውንም አይምረውም። ልጁ ደግሞ ይለካ። መላጣውን ነው ያልኩት።